የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት፦ ከ5 ኮከብ 2

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ በኋላ አንድ ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩ እነግራችኋለሁ።

ሰው ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል። ጥብሱ ደረቀ፣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ አስተናጋጇ ፊቷን አጠቆረች። ጥሩ ነው፣ ይጻፍ። ግን ጥብሱ ቢደርቅ ነገ ሌላ ቤት እንበላለን። ማዘጋጃ ቤት አንድ ነው። አልጣመኝም ብለህ ጎረቤት ከተማ ሄደህ አትስተናገድም። ስለዚህ እሱንም አንድ ሰው ይገምግመው ብዬ ነው ስልኬን ያነሳሁት።

የከተማውን ስም አልጽፍም። ወሎ ውስጥ ነው፣ ከደሴ ሚኒባስ ይወስዳል፣ ይበቃል። እናቴ እዚያ ትኖራለች። ጉዳዬም ገና አላለቀም፣ አንድ ፊርማ ይቀረኛል። ፊርማ የሚቀረው ሰው ስም አይጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ልጆች አራት ነን። ታናሿ ሪያድ ናት፣ ውክልና ልካለች። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሰጥቶናል፤ እሱ እንኳ እንደፈራሁት አልሆነም፣ ቶሎ አለቀ። የግብር ደረሰኙን እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ከሠርጓ ፎቶ ጋር። ደረሰኙ ሁሉ በአባቴ ስም ነው። የቀረን ቤቱን ወደ እናታችንና ወደ እኛ ስም ማዞር ብቻ ነበር። አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይፈጃል ብዬ ሱቄን ለወንድሜ ትቼ ሄድኩ።

አስራ አንድ ቀን ፈጀ። አስራ አንድ የሥራ ቀን ማለቴ ነው፣ ከደሴ እየተመላለስኩ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ግቢው ጽዱ ነው፣ ጽጌረዳ ተክለዋል። የዜጎች ቻርተር በትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ተጽፎበታል። «ማኅደር ማውጣት፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ይህችን 15 ደቂቃ ያዙልኝ። መቀመጫ አለ። ጥላ የለም፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ሽንት ቤቱን አልገመግምም፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ቁርስ ላይ ነበር።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። ይሄን መጀመሪያ ልበል፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈው እሷን የሚወቅስ እንዳይመስል። ተመርቃ የገባች፣ ሰባት ወሯ፣ ሰው ሲመጣ ከወንበሯ ቀና የምትል ልጅ ናት። የአባቴን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። አየች። እንደገና ጻፈች።

«ጋሼ፣ ሲስተም ላይ የለም።»

«እንዴት የለም? ግብር እየከፈልን እኮ ነው።»

«ግብሩ ሌላ ክፍል ነው። እኛ ጋ ማኅደሩ ሲገኝ ነው ሲስተም ላይ የሚገባው።»

«ማኅደሩስ የት ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምንፈልገው» አለች፣ ፈገግ ብላ። አልተናደድኩም። ከልቧ ነው ያለችው።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ቤቱን የሠሩት አያቴ ናቸው፣ በንጉሡ ጊዜ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አያቴ ያላቸው ያችው አንድ ቤት ስለነበረች ቀረችላቸው። ያኔ በቀበሌያቸው ቁጥር ዶሴ ተከፈተ። በኋላ ቀበሌዎች ተዋሃዱ፣ ቁጥራቸው ተቀየረ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ 721፣ ሲመጣ እንዲህ ያለው ቤት «ነባር ይዞታ» ተባለ። የ2006ቱ 818 ደግሞ የከተማ መሬት ይዞታ ሁሉ ቁራሽ በቁራሽ ይመዝገብ አለ። እንግዲህ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ሁሉ ስም ስትለዋውጥ፣ የቱ ወረቀት የቱን እንደተካ፣ የድሮው ቁጥር አሁን የትኛው እንደሆነ ማነው የሚያውቀው? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ያስገቡለትን ብቻ ነው። ያስገቡለት ደግሞ መደርደሪያ ላይ ያገኙትን።

መደርደሪያ ላይ ያልተገኘውስ? እሱ ጆንያ ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ አዘነችልኝ መሰለኝ «አይፈቀድም ግን ኑ ይዩት» ብላ ወደ ኋላ ክፍል አስገባችኝ። ሃያ ምናምን ጆንያ ከግድግዳው ተደግፎ ተደርድሯል። የማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ ነጩ፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ። እያንዳንዱ ላይ በሰማያዊ ማርከር አንድ ፊደል ተጽፏል። «መ» አለ፣ «በ» አለ፣ «ግ» አለ፣ «ጣ» አለ። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የድሮ ሰው ጽሑፍ፣ እግሩ የተስተካከለ።

ጆንያው እዚያ የመጣው በ2014 ነው። ጦርነቱን ታውቃላችሁ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ምን እንደሆኑ እዚህ መተረክ አያስፈልገኝም። በየከተማው መሥሪያ ቤት ተሰባብሮ፣ ወረቀት ወለል ላይ ፈስሶ ነው የተገኘው። ይሄም ቤት እንደዚያው። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዶሴ የለቀሙት ያኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩት ሰውዬና ሁለት ተላላኪዎች ናቸው፤ ለቅመው በጆንያ ከተቱት።

ልጅቱና ባልደረባዋ ፊደሉን የባለቤቱ ስም መነሻ ነው ብለው ነው የተረዱት። ማንስ ቢሆን እንደዚያ አይደል የሚያስበው? የአባቴ ስም በ«መ» ይጀምራል። ስለዚህ ሦስቱንም «መ» የተጻፈባቸውን ጆንያዎች ፈትተው ፈለጉ። እኔም ገብቼ አብሬ ፈለግሁ። ሁለት ቀን። አቧራው ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ማታ እናቴ ዝንጅብል አፍልታልኛለች። የማላውቀውን የከተማውን ሰው ሁሉ የይዞታ ክርክር አነበብኩ። አንዱ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሜትር ተኩል አጥር ዘጠኝ ዓመት ተካሷል። የኛ ዶሴ የለም።

ስድስተኛው ቀን ላይ ነው አንድ ኮከብ ብዬ መጻፍ የጀመርኩት። ኃላፊው ጋ ገባሁ። ኃላፊው አዲስ ነው፣ አራት ወሩ፣ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ። በትሕትና አናገረኝ። «ማኅደሩ እንደጠፋ ይቆጠርና አዲስ ይከፈታል፤ የሰፈር ሽማግሌ ምስክር፣ የልኬት ባለሙያ፣ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተቃዋሚ መጠበቅ...» ብሎ በጣቱ ይቆጥርልኝ ጀመር። ጣቱ አልበቃ ሲል ወጣሁ።

ማታ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ቶናው ላይ ነን።

«የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ጠይቀኸዋል?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጥተዋል አሉኝ።»

«ጡረታ ወጣ እንጂ ሞተ እንዴ?»

እኔ አላሰብኩትም። ልጅቱም፣ ኃላፊውም አላሰቡትም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ይህችን ጥያቄ የጠየቀች አንድ ሰው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት በሕይወቷ ገብታ አታውቅም።

ሰውዬውን ያገኘኋቸው ከአስር ሰዓት በኋላ አንዲት ቡና ቤት በር ላይ ነው። ዳማ ይጫወታሉ፣ በቆርኪ። ሰላም ብዬ ተቀመጥኩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«ኧረ! የሱ ልጅ ነህ? አላህ ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር።» ቀጥለው፣ ዓይናቸውን ከዳማው ሳያነሱ «የሱ ዶሴ በሱ ስም አይደለም» አሉ።

«እንዴት?»

«በአያትህ ስም ነው። የድሮው ቀበሌ 03። አባትህ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ስም ላዙር ብሎ መጥቶ፣ ቴምብር አልቋል ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ሥራ በዛበት መሰለኝ፣ ሳይመጣ ቀረ። ግብሩን ግን በራሱ ስም ይከፍል ነበር፣ ግብር ማን ከፈለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።» አንድ ቆርኪ በሉ። «ማመልከቻው ዶሴው ውስጥ አለ። በሰማያዊ ቀለም ነው የጻፈው።»

ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለተጻፈ አንድ ማመልከቻ ነው የሚያወሩኝ። የቀለሙን ዓይነት።

«ጆንያው ውስጥ ፈለግን እኮ፣ ጋሼ። ‹መ› የተጻፈበትን ሁሉ ፈታነው።»

«ለምን ‹መ›ን?»

«በአባቴ ስም...»

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ፣ ዳማ የሚጫወቱት ጓደኛቸውም አብረው ሳቁ። «መ እኮ መስኮት ነው፣ ልጄ! መስኮቱ ሥር የወደቀው። በ፣ በር። ግ፣ ግድግዳው ጋ ያለው ትልቁ መደርደሪያ። የድሮዎቹ ቀበሌዎች ከ01 እስከ 04 የነበሩት በሩ አጠገብ ነበር፣ ስለዚህ የናንተ ‹በ› ውስጥ ነው። ወረቀቱ የወደቀበትን ስፍራ ካወቅህ የየት እንደሆነ ታውቃለህ ብዬ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። ቶሎ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።»

«‹ጣ›ስ?»

እዚህ ላይ ሳቃቸው ቆመ። «‹ጣ› የተጻፈበት አልተከፈተም እንዴ?»

አልተከፈተም። እነ ልጅቱ ስሙ በ«ጣ» የሚጀምር ሰው ስላልመጣ አልነኩትም።

«ጣ ጣራ ነው። በልግ ላይ በተቀደደው ጣራ ዝናብ ገብቶ ያረጠባቸው ናቸው። ከሌላው ለይቼ፣ ቶሎ ይከፈትና ፀሐይ ይምታው ብዬ ለብቻው አድርጌው ነበር። ሁለቱን ከፍቼ አድርቄያለሁ። ከዚያ ሰኔ መጣ።»

ሰኔ 2014 ስልሳ ሞላቸው። ጡረታ። የገቡት በ1976 ነው፣ በተላላኪነት፣ ከዚያ ታይፒስት፣ ከዚያ መዝገብ ቤት። 38 ዓመት ማለት ነው። መሸኛ ዝግጅት ተደርጎላቸዋል፤ ዳቦ ተቆርሶ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ ጋቢ አልብሰዋቸዋል። ጋቢው ያን ዕለት ትከሻቸው ላይ ነበር። ጥሩ ጋቢ ነው።

«ርክክብ አላደረጉም እንዴ?» አልኳቸው።

«አድርጌያለሁ እንጂ! ክሊራንሱ ላይ የተሰበረ ስቴፕለር ሳይቀር ተቆጥሯል። ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ቁልፍ ሦስት፣ ወረቀት መብሻ አንድ። ‹የተለያዩ ሰነዶች የያዘ ጆንያ 26› ተብሎም ተጽፏል። ቆጥረው ተረከቡ። ምን እንዳለበት የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እዚህ ጋ ነው የኔ ቅሬታ። ሃያ ስድስት ብሎ ቆጥሮ መረከብ ርክክብ ይባላል ወይ? ጆንያው ሃያ ስድስት መሆኑን እኔም ከውጭ ቆሜ ልቆጥረው እችላለሁ። የንብረት ክፍሉ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ ስቴፕለሩ አልጠፋም። ግን እኚህ ሰው ከመውጣታቸው በፊት አንድ ወር፣ ኧረ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወጣት አጠገባቸው ቢቀመጥና «ይሄ ምንድን ነው፣ ያስ» እያለ ደብተር ላይ ቢጽፍ ኖሮ፣ እኔ አስራ አንድ ቀን አልመላለስም ነበር። የጡረታ ቀን ድንገት አይመጣም። ሰውዬው መቼ ስልሳ እንደሚሞላቸው ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ የግል ማኅደራቸው ላይ ተጽፏል። የመንግሥት ሠራተኛ ሕጉ እንኳ የሚያስፈልግን ሰው አገልግሎት ማራዘም የሚቻልበት በር አለው። አልተጠየቀም። ደረጃቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ማን ያስባቸዋል።

ይሄ ደረጃ የሚባለው ነገር ራሱ ይገርመኛል። አሠራር እናሻሽል ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ የሥራ ምዘና መጣ፣ በየጊዜው ምደባ አለ። ሰውዬው እንደነገሩኝ ከአንዱ ምደባ ለጥቂት ነው የተረፉት፣ ዲፕሎማ የለዎትም ተብለው። የከተማው ቤት ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለ ሰው ለመዝገብ ቤት የትምህርት ደረጃው አያሟላም! እንግዲህ ወረቀት ጠባቂውን ወረቀት የለህም ማለት ነው።

ወጣቶቹን አልወቅስም ብያለሁ። ከልጅቱ በፊት የነበረው ልጅ ስምንት ወር ሠርቶ ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ገባ። ከሱ በፊት የነበረችው ጂዳ ናት። ከመስከረም 2018 ወዲህ ደመወዝ ተሻሽሏል፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሆኗል፣ እውነት ነው፤ ግን የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ሄደ ብዬ አልፈርድም። ችግሩ ሲሄድ የተማረውን ስምንት ወር ይዞት መሄዱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ያንኑ ጆንያ ፈትቶ አስሯል፣ አንዱ ለሌላው ሳይነግር።

ይሄን ለአሜሪካው የአጎቴ ልጅ በስልክ ሳወራው አልገረመውም። እነሱ ጋ «ፎግባንክ» የሚባል ለኒውክሌር ቦምብ የሚሆን ቁስ ነበር አለኝ፣ ምንነቱ እስካሁን ምስጢር ነው። ከ1975 እስከ 1989፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ሲሠሩት ኖረው አቆሙ። ከ2000 በኋላ የድሮውን ቦምብ እናድስ ብለው ሲመለሱ አሠራሩ ጠፋቸው። የተጻፈው ጥቂት ነው፣ የሚያውቁት ሠራተኞች ጡረታ ወጥተዋል ወይም ለቅቀዋል። የመንግሥታቸው ኦዲተር በ2009 ጽፎታል። ሥራው ዘገየ፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በ2025 ደግሞ እዚያው የኒውክሌር መሥሪያ ቤት ሰው በጅምላ አባረው በቀናት ውስጥ «ተመለሱ» እያሉ ሲፈልጓቸው ነበር። እሱ ይህን ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ «ጣ» ነበር። እነሱ ቢያንስ ኦዲተር አላቸው፣ ምን እንደጠፋ ጽፎ የሚያወጣ።

ወደ ነገሬ። ሰውዬውን «ነገ አብረን እንሂድ፣ አስር ደቂቃ ነው» አልኳቸው። እምቢ አሉ።

«ሳልጠራ ምን ብዬ እገባለሁ? ባለፈው የጡረታ ወረቀት ላወጣ ስሄድ ጥበቃው አዲስ ነው፣ ‹አባት ጉዳይዎ ምንድን ነው› ብሎ መታወቂያዬን ያዘው።» ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበራቸውም፣ ወይም አላሳዩኝም። «አብሽር፣ በስልክ እነግራታለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ስልኬን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቱ ማመልከቻ ፎርም ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። መ መስኮት። በ በር። የድሮው 03 አሁን ስንት እንደሆነ። ዶሴው ላይ ቀይ እርሳስ ካለ ክርክር አለበት፣ ለባለጉዳይ ብቻውን አይሰጥም። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ስም ስለተመዘገቡበት ቦታ። ያ ሁሉ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፣ አንድም አላጉረመረመም። እንዲያውም አንዲት እናት ከኋላ «የኔንም ጠይቂልኝ፣ የኔ ዓለም» አሉ።

ዶሴያችን ሁለተኛው «በ» ጆንያ ውስጥ ተገኘ። አርባ ደቂቃ። ከባነሩ 15 ደቂቃ ይበልጣል፣ ግን እሺ። ሽፋኑ ላይ የአያቴ ስም አለ። ውስጡ የአባቴ ማመልከቻ፣ በሰማያዊ ቀለም። የአባቴን ጽሑፍ ካየሁ ቆይቼ ነበር። «ለክቡርነትዎ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያኔ ከኔ ያንሳል በዕድሜ።

ከዚያ «ጣ»ን ከፈትነው። ስድስት ጆንያ ነበር። አራቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ተጣብቆ እንደ ቂጣ ሆኗል። ልጅቱ አንዱን ዶሴ ጫፉን ይዛ ልትገልጥ ስትል ከነማኅተሙ ተገነጠለ። ሻጋታው ይሸታል። የማን ቤት እንደሆነ፣ የማን ልጅ አንድ ቀን መጥቶ እንደሚጠይቀው እንጃ። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም፣ እጇን በሶፍት ጠረገች።

አሁን ወደ ኮከቡ። ለመስተንግዶ አንድ ኮከብ፤ ጉቦ የጠየቀኝ የለም፣ የተሳደበኝ የለም፣ ልጆቹ ከኔ ጋር አቧራ በልተዋል። ሁለተኛው ኮከብ የጡረተኛው ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ላይ ባይኖሩም። ሦስቱን የቀነስኩት ለርክክቡ ነው። አዲስ አበባ በ2017 መሶብ የሚባል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል፣ ያየ ሰው ያደንቀዋል፣ እኛም ጋ ይምጣ። ግን መሶቡ ውስጥ የሚቀርበው እንጀራ ጆንያ ውስጥ ሻግቶ ከሆነ መሶቡ ምን ያደርጋል።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር። የአያታችሁን ስም ከነአባታቸው ያዙ፣ የአባታችሁ ብቻ አይበቃም። የድሮ ቀበሌ ቁጥር ጠይቁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ያውቀዋል። አሮጌ ደረሰኝ እንዳትጥሉ፣ ጀርባውንም እዩት፤ የኛ አንዱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የዶሴው ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ ነበር፣ ያየነው ካለቀ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ስብሰባ አለ። ውሃና ባርኔጣ ያዙ።

ባለፈው ለፊርማው ስመለስ ልጅቱን «ያን የጻፍሽውን ወረቀት የት አስቀመጥሽው?» አልኳት።

«ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አለ።»

«ወረቀቱስ?»

ፈለገች። መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች። «ስልኬ ላይ አለ፣ ጋሼ፣ አይጠፋም።» ቀጥላም፣ ደስ ብሏት፣ ደሴ ዝውውር እንደጠየቀችና ሊሳካላት እንደሆነ ነገረችኝ። እጮኛዋ ደሴ ነው። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፣ ከልቤ ነው።

ከዚያ ፎቶውን በቴሌግራም አስላክኳት፣ በሩ ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በአስር ብር አስወጣሁት፣ አንድ ፕላስተር ለምኜ ከጆንያዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበር ፊርማው ለሐሙስ ተቀጠረ። ሐሙስ ሄድኩ፣ አልተፈረመም። ወረቀቱን አየሁት። አለ፣ አንዱ ጥጉ ተላቅቋል።